ጫማውን ማስበለጥ፣ ዕድሜውን ማሳነስ

ኳስ ለሚጫወቱ ልጆች ወላጆች የተደረገ ንግግር

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ገበያችሁን አቋርጣችሁ ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰዓታችሁን አልፈጅም። የመጣሁት ስለ ታኬታ ጫማ ልነግራችሁ ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያ ታኬታውን ገዛሁለት። መርካቶ የሄድኩት ብቻዬን ነው፤ ልጁን አልያዝኩም። ሻጩ "ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?" ሲለኝ፣ "ሠላሳ አራት ነው፤ አንተ ግን ሠላሳ ሰባት ስጠኝ፣ ያድግበታል" አልኩት። ትስቃላችሁ፤ የምትስቁት ሥራውን ስለምታውቁት ነው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ወተፍንበት። ኳስ በመታ ቁጥር እግሩ ጫማው ውስጥ ይንሸራተታል፤ ተረከዙ ይላጣል፤ ሲዞር ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። አሰልጣኙ "ልጅህ እግሩ ከባድ ነው" አለኝ። እኔም አምኜው "ልጄ እግሩ ከባድ ነው" እያልኩ ለሰው ሳወራ ከረምኩ። የስፖርት መምህር ነኝ እኮ! የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ብዬ ጫማውን በጣቴ እጫነው ነበር። ከባዱ ጫማው ነው። እግሩ ጫማውን ሲሞላው ደግሞ ጫማው አልቆ ተጣለ፤ ስለዚህ በልኩ የሆነ ጫማ አንድም ቀን ሳያደርግ ሁለት ዓመት ተጫወተ።

ይህንን ያነሣሁት የእኛ የወላጆች ነገር ሁሉ በዚያ ጫማ ውስጥ ስላለ ነው። ለዛሬው ልጅ አንገዛም፤ የምንገዛው ወደፊት ይሆናል ብለን ላሰብነው ልጅ ነው። ዛሬ ያለው ልጅ በመካከል ይላጣል።

በእኛ አካባቢ ወላጅና ኳስ የሚገናኙት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ልጁ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው፣ የትምህርት ቤት ጫማውን ቀዶ፣ ጉልበቱን ልጦ የሚመጣ ጊዜ ነው። "ኳስ እንጀራ ይሆንሃል?" ይባላል፤ በካልሲ የሰፋት ኳስ ምድጃ ውስጥ ትገባለች። ሁለተኛው ልጁ ዐሥራ አምስት ገደማ ሲደርስ፣ አንድ ሰው "ይሄ ልጅ ተሰጥኦ አለው" ያለን ዕለት ነው። ኳሷን ያቃጠልነው ሰዎች ያን ጊዜ ከዳኛው ቀድመን ሜዳ እንገኛለን። በመካከሉ ያሉት ስድስት ሰባት ዓመታት ኳስ መቀበልን፣ ቀና ብሎ ማየትን፣ ተሸንፎ በማግሥቱ መመለስን የሚማርባቸው ናቸው። በእነዚያ ዓመታት እኛ የለንም።

ፈረንጆቹ ችግራቸው ሌላ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በፈረንጆቹ 2008 ዓ.ም. ስለ መከባበር ዘመቻ ሲጀምር፣ በልጆች ጨዋታ ላይ ወላጆች ከመስመሩ ራቅ ብለው ከገመድ ኋላ እንዲቆሙ አደረገ። ዳኛ የሚሰድብ፣ በልጁ ላይ የሚጮህ አባት በዝቶባቸው ነው። ሱሉልታ ውስጥ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በታች ልጆች ሲጫወቱ ገመድ ብንወጥር ከኋላው የሚቆመው በግ ነው። ስለዚህ "አትጩሁ" የሚለው ምክር ለኛ ገና ነው፤ መጀመሪያ እንምጣ፣ ከዚያ ስለ ጩኸቱ እንነጋገራለን።

"ኳስ እንጀራ ይሆናል?" ለሚለው ጥያቄ በሐቀኝነት ልመልስ። ለአብዛኞቹ አይሆንም። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አርባ ያለፋችሁ ደግሞ 1993ን ታስታውሳላችሁ፤ የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮና እዚህ ተዘጋጅቶ ልጆቻችን ወደ አርጀንቲናው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹ ለወጣቶች ዓለም ዋንጫ አልደረሱም። ዋናው ቡድንም ለአፍሪካ ዋንጫ 31 ዓመት ጠብቆ በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ገባ። እዚህ ሰበታ ደግሞ ሰበታ ከተማ ከ2012 እስከ 2014 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ ወረደ። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ በቴሌቪዥን ይተላለፍ ስለነበር፣ የሰበታ ልጅ የከተማውን ቡድን ያየው በስክሪን ነው፤ ጎረቤቱ ያለው ተጫዋች እንደ ማንቸስተሩ ሩቅ ሆነበት። እንግዲህ በዚህ ሒሳብ ልጁን ሜዳ የሚልክ ወላጅ ስለ እንጀራ ብሎ ከሆነ ሎተሪ ቢቆርጥ ይሻለዋል። የሚልከው ልጁ ስለሚወደው፣ ሰውነቱ ስለሚጠነክር፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተጣልቶ መታረቅን ስለሚማር ከሆነ ግን ትርፉን በየሳምንቱ ያገኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጫማውን የምናስበልጥ ሰዎች ዕድሜውን እናሳንሳለን።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ከማስተምርበት ሰዓት ውጭ የታዳጊ ፕሮጀክት ሳሠለጥን፣ አንድ የቡራዩ አባት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ግራኝ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዕድሜው ዐሥራ አምስት። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በታች ቡድኔ ደግሞ አጥቂ ጎድሎታል። "አባቴ፣ በዐሥራ አምስት ካስመዘገብነው ዘግይቷል፤ ዕድሜውን እንቀንስለት" አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰውየው አላቅማሙም፤ "መምህር ካሉ መልካም" አሉኝ። በዚያ ክረምት ልጁን የሚያቆመው ጠፋ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ተከላካዮች ትከሻው ሲነካቸው ይወድቃሉ። ዋንጫ በላን፣ በግ ታረደልን። በዓመቱ ለክልል ምርጫ ሲሄድ የስምንተኛ ክፍል ካርዱና የልደት ማስረጃው አልገጠሙም፤ ተመለሰ። ከእኩዮቹ ጋር ብናሰልፈው ደግሞ ያ ትከሻ አልሠራም። ኳስ ተቀብሎ መዞር አልለመደም፤ ሲገፋ ነው የኖረው፣ ምን ይልመድ? በስድስት ወሩ ተወው። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ያሳፍረኛል፤ በሁለቱም ትርጉሙ። ሒሳብ ስሰጠው "ተወው ጋሼ" ይለኛል።

እንግዲህ እኔ አሠልጣኝ ሆኜ ያልኩትን፣ ነገ ሌላ አሠልጣኝ ይላችኋል። ማስረጃውን ለማውጣት የሚሄደው አሠልጣኙ አይደለም፤ አባት ወይም እናት ናቸው። ድሮ የልደት ካርድ በአባት ቃልና በምስክር ይወጣ ነበር። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል፤ ዛሬ ተወልዶ የተመዘገበ ሕፃን ዐሥራ ሦስት ሲሞላው የተወለደበት ቀን ቁልጭ ብሎ ይገኛል። ወረቀቱ ቢያልፍ እንኳ አጥንቱ አያልፍም። ፊፋ ከፈረንጆቹ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስመረምራል። በልጅነት የክንድ አጥንት ጫፍ ከግንዱ ጋር ገና አልገጠመም፤ በመካከሉ ልጁን የሚያሳድገው ንጣፍ አለ። ያ ንጣፍ 17 ዓመት ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ መግጠሙ እጅግ ብርቅ ነው። በካሜሩን፣ ሳሙኤል ኤቶ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በሆኑ ጊዜ፣ በ2015 ዓ.ም. ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ከነበሩት 30 ልጆች 21ዱ በዚህ ምርመራ ወደቁ። ሃያ አንድ ቤተሰብ ማለት ነው።

በየዋህነት የሚፈጠር ስሕተትም አለ። በእኛ 2005 ዓ.ም. የተወለደውን ልጅ አንዱ ጸሐፊ በፈረንጅ ቅጽ ላይ 2005 ብሎ ቢሞላው፣ ልጁ በአንድ እስክሪብቶ ሰባት ስምንት ዓመት አረጀ። ቅጹን ከመፈረማችሁ በፊት የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

በዚሁ ላይ ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው የምለው አንድ ጉዳይ አለ። ዓለም አቀፍ ውድድሮች ዕድሜን የሚቆርጡት በጃንዋሪ 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ገደማ። ጥር 2005 የተወለደ ልጅና ኅዳር 2006 የተወለደ ልጅ በእኛ ሒሳብ የተለያየ ዓመት ልጆች ናቸው። በፈረንጁ ግን ሁለቱም የ2013 ልጆች ስለሆኑ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። በመካከላቸው ዐሥር ወር አለ። በዐሥር ዓመት ልጅ ላይ ዐሥር ወር ማለት በቁመትም በጉልበትም የሚታይ ልዩነት ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የካናዳ ተመራማሪዎች በበረዶ ሆኪ ላይ ያዩት ይኸንኑ ነው፤ የተመረጡት ልጆች ልደታቸው በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ላይ የተከማቸ ሆነ። በእግር ኳስም በብዙ አገር እንዲሁ ታይቷል። አሠልጣኝ ተሰጥኦ መረጥኩ ብሎ የመረጠው የልደት ወር ነው። እንግዲህ ልጃችሁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ "ሰነፍ ነህ" ከማለታችሁ በፊት የተወለደበትን ወር አስቡ። የኅዳር ልጅ ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሰለች ከቆየ ሰውነቱ ይደርስለታል። በዚያ መሐል እንዳይሰለች የሚያደርገው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚሰማው ነገር ነው።

ልጅ ሳይሰለች እንዲያድግ በማድረግ በኩል ኖርዌይን እንይ፤ ትንሽ አገር ናት፤ ሕዝቧ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ሕዝብ የሚበልጥ አይመስለኝም። እዚያ የልጆች ስፖርት ሕግ አለ፦ ልጆች ዐሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላቸው የደረጃ ሰንጠረዥ አይወጣላቸውም፣ ዐሥራ ሦስት ሳይሞላቸው ብሔራዊ ሻምፒዮና የለም። ሰው ሁሉ ይጫወታል። በዚህ ሥርዓት ካደጉት አንዱ ኤርሊንግ ሃላንድ ነው። እኛ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጆችን በዋንጫና በበግ እናጫርሳለን፤ በጉን ደግሞ የሚበሉት ትልልቆቹ ናቸው።

ሜዳ ስትመጡ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙ አይደለም። አሠልጣኙ "ወደ ቀኝ" ሲል እናንተ "ምታው!" ካላችሁ፣ ልጁ የማንን ይስማ? ስለዚህ መመሪያ አትስጡ። ስም እየጠሩ ማበረታታት ግን ለሁሉም ልጅ ይሁን፤ የጎረቤት ልጅ በረኛ ጎል ሲገባበት "አይዞህ" የሚለው የሌላ ልጅ አባት ድምፅ እንዴት እንደሚያነሣው ብታዩ! አሠልጣኙ ልጃችሁን ካላሰለፈ በዚያው ሰዓት ሜዳ ዳር አትጠይቁት፤ በማግሥቱ ልጁ በሌለበት ጠይቁት።

ስለ ጉዳት ትንሽ ሰፋ ልበል፤ ብዙ ስሕተት የማየው እዚህ ላይ ስለሆነ።

አማርኛችን የቡድን ሕክምና ባለሙያውንም፣ አጥንት የሚጠግኑትን ሽማግሌም "ወጌሻ" ይላል። ስሙ አንድ በመሆኑ ሥራውም አንድ የመሰለን ሰዎች አለን። ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ ልጅ በዚያው ማታ በቅቤ ይታሻል፣ ይጎተታል። አዲስ እብጠት መታሸት የለበትም። እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ማድረግ ይበቃል፤ በእግሩ ቆሞ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ወይም አጥንቱ ላይ ሲነካ የሚጮህ ከሆነ ራጅ ያስፈልገዋል። በቀርከሃ አጥብቆ ማሠር ደግሞ ደም ዘግቶ እጅና እግር ያሳጣል። ይህ የሐሜት ወሬ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሠሪያው በዚያው ደቂቃ ይፈታ፣ ልጁም ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ።

ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያለ ልጅ ተረከዙን ወይም ከጉልበቱ በታች ያለውን እብጠት "አመመኝ" ሲል ሰበብ አይምሰላችሁ። አጥንቱ ገና እያደገ፣ ጅማቱ ደግሞ እየጎተተው ነው። ፈውሱ ዕረፍት ነው። ሱሉልታ ላይ ይሄ ይብሳል፤ ከተማዋ የሯጮች ከተማ ናት፣ ማለዳ ሜዳውን የሚያቋርጡትን አትሌቶች ያየ አባት ልጁንም ለኳስ ብሎ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያስሮጠዋል። የዐሥር ዓመት ልጅ በዚያ ከፍታ ላይ ኳስ ይዞ ቢሮጥ ከበቂ በላይ ነው።

ጭንቅላቱ ተመቶ የዞረበት፣ ያስታወከ ወይም የተናገረውን የሚደግም ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ ዋንጫም ቢሆን። ካስታወከ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቴስታን በተመለከተ፣ አሜሪካኖች ከፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስ በግንባር እንዳይመቱ ወስነዋል። እኛም ብንቀዳው አይጎዳንም።

ስለ ምግብ ሩጫ በሩጫ ልለፍ። ከፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ ሜዳ የሚሄድ ልጅ ባዶ ሆድ አይሂድ። በሃይላንድ የተበጠበጠ በሶ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ይበቃዋል። በማስታወቂያ የሚታየው ቀለም ያለው መጠጥ አያስፈልግም። የሚጾም ልጅ ከሆነ ለአሠልጣኙ ንገሩት፤ ብዙዎቹ የሚያውቁት ልጁ ሲወድቅ ነው። ማልያውን ራሱ ይጠብ። እናቱ ልብሱን እያጠበችለት "ኳስ ጠላሁ" ብትል አልፈርድባትም።

የሴቶቹን ልጆች ነገር ብዙ ሰው ዝም ይላል። ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ፣ በማልታ ለቢርኪርካራ ክለብ ተጫውታ፣ በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆናለች። በሰበታና በቡራዩ ግን አሁንም ሴት ልጅ ልምምድ የምትቀረው ውኃ ልትቀዳ ወይም እንግዳ መጥቶ ቡና ልታፈላ ነው፤ ወንድሟ በዚያው ሰዓት ሜዳ ነው። አባቶች የምትፈሩትን አውቃለሁ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ልምምዱ ሲያልቅ ይመሻል፣ ታክሲው ይርቃል፣ ሱሉልታ ላይ ጅብም አለ። መፍትሔው መከልከል መሆን የለበትም። አምስት ወላጆች ተነጋግራችሁ እያንዳንዳችሁ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ሁሉንም ልጆች ትመልሷቸዋላችሁ። ሌላም አለ፤ ልጃችሁ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ብቻውን የሚያድርበት ጉዞ ካለ፣ ማን አብሮ እንደሚሄድና የት እንደሚተኙ ጠይቁ። ጥሩ አሠልጣኝ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም፤ የተቀየመ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

የመጨረሻው ደላላ ነው። ስልክ ይደውላል፤ "ልጅህን ቪዲዮ ላይ አይተነዋል፣ ለሙከራ ዱባይ እንወስደዋለን፣ የቪዛና የመመዝገቢያ ብቻ ክፈል" ይላል። በሬውን ሸጦ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። ደላላው ስልኩን ዘጋ፤ ልጁም አባቱ በሬ ያጡት በእሱ ምክንያት ስለመሰለው ኳሱን ተወ። ወገኖቼ፣ ይኼን በልባችሁ ያዙት፦ በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች 18 ዓመት ሳይሞላው ወደ ሌላ አገር ክለብ መዘዋወር አይችልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። የዐሥራ አራት ዓመቱን የሰበታ ልጅ በሙከራ ስም ወደ ውጭ አወጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ከእነዚህ ውስጥ አይገባም።

ስለ ጫማው ልጨርስ፤ ሁለት ወላጆች ከመግባቴ በፊት በሩ ላይ ጠይቀውኛል። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ እግር በቀን ውስጥ ትንሽ ያብጣል። የሚጫወትበትን ካልሲ ያድርግ። ቆሞ ሲረግጥ ከትልቁ ጣቱ ፊት የእናንተ አውራ ጣት ወርድ ያህል ይትረፍ፤ ከዚያ አይበልጥ። ሲያንሰው ለታናሹ ይለፍ፣ ታናሽ ከሌለው ለጎረቤት ይሰጥ ወይም ይሸጥ፤ ቡራዩ ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው እርስ በርስ ይለዋወጣሉ፣ ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ መሰለኝ። ከኋላ ያሉት ነጠላ የለበሱት እናት ስለ ወጌሻው ሳወራ ጀምሮ እጃቸውን አንሥተዋል። ይጠይቁ እናቴ፤ ማይኩን አቀብሏቸው።